የመብራቷን ሽቦ ማን ቆረጠው?

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና መታወቂያውን የጻፈለት ጸሐፊ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለሌላው ሰው ሁሉ «መዶሻ» ነው። ስሙ የወጣለት ደግሞ ከእጁ ነው። አልከፈት ያለ በር፣ አልነሣ ያለ ሞተር፣ አልሰማ ያለ ሰው፣ ለመዶሻ የሁሉም መድኃኒት አንድ ነበር፤ መምታት። ለክፋቱ አንዳንዴ ይሳካለታል። በሩ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ሰውየውም ዝም ይላል። መዶሻ የሰው ዝምታ ሁሉ መስማማት ይመስለው ነበር።

ከታናሽ ወንድሙ ጋር በጋራ የገዟት አንዲት ትንሽ ትራክተር ነበረቻቸው። ወንድሙ ይነዳል፣ መዶሻ ያዛል። የሁለት ቤት እንጀራ የሚወጣው ከእሷ ነው። ዝናቡ ገብቶ መሬቱ ለእርሻ በለሰለሰበት ሰሞን የሞተሯን ዘይትና ፊልትሮ፣ ማለትም የዘይት ማጣሪያ፣ የመቀየሪያው ጊዜ ደረሰና መዶሻ በማለዳ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ።

ሱቋ ከበር እስከ ጣሪያ በቀበቶና በጎማ ቱቦ የታጨቀች ጠባብ ክፍል ናት። ባለቤቷ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ባላቸው በሕይወት ሳለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብረውት ሞተር ፈትተዋል፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ሱቁን የያዙት እሳቸው ናቸው። ደንበኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል።

«እትዬ፣ ለትራክተሯ የዘይት ፊልትሮ» አለ መዶሻ፣ አሮጌውን በላስቲክ እንደጠቀለለው ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ።

ሴትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አነበቡ። «የእሷ ሐሙስ ይገባል። ሦስት ቀን ታገሥ።»

«እኔ ብታገሥ ዝናቡ ይታገሠኛል?» አለና ከመደርደሪያው ላይ አጠር ያለ ፊልትሮ ራሱ አወረደ። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ጥርስ መለኪያ ተብሎ የተበየደ ቡሎን አለ። በእሱ ላይ አሽከረከረው። «ይኸው፣ ልክክ አለች!»

«ልክክ ያለው ጥርሷ ነው እንጂ ሆዷ አይደለም፣ ልጄ። ይቺ የውሃ ፓምፕ ሞተር ፊልትሮ ናት። የትራክተርህ ፊልትሮ ውስጡ ትንሽ ክዳን አለው። ወረቀቱ ሲደፈን ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ክዳኑ ይከፈትና ዘይቱ በዚያ ያልፋል። ይቺ ክዳን የላትም። ከታፈነች ሞተሩም አብሮ ታፈነ ማለት ነው።»

«ዘይቱንም ወፍራሙን ይስጡኝ። ሃምሳ ቁጥሩን።»

«መመሪያው አሥራ አምስት አርባ ነው የሚለው።»

«እሱማ እንደ ውሃ የቀጠነ ነው። ወፍራም ነገር ጉልበት አለው።»

«ወፍራም ሰውም ጉልበት አለው፤ ደረጃ ሲወጣ ግን ያለከልካል» አሉ ሴትየዋ ፈገግ ብለው። «በማለዳ ብርድ ያ ዘይት እየተጎተተ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል። ባይሆን እንኳ አንዱን ተው። ወፍራም ዘይትና የተሳሳተ ፊልትሮ አንድ ላይ…»

በር ላይ ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበርና ሳቁ። መዶሻን ያናደደው የዘይቱ ነገር አይደለም፤ ሳቁ ነው። ደሙ ፈላ።

«አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ለወንድ ትራክተር የምታስተምሪው?» ብሎ ጮኸና ባንኮኒው ላይ የነበረውን ሁሉ በክንዱ ጠረገው። ለሽያጭ የተደረደሩት የመኪና አምፖሎች መሬት ላይ ተፈረካከሱ። ሴትየዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። መዶሻ ገንዘቡን ወረወረላቸው፤ ፊልትሮውንና ዘይቱን አንጠልጥሎ ወጣ። እነዚያ የሳቁት ሁለቱ መንገድ ለቀቁለት። እሱም አሸነፍኩ አለ።

በማግሥቱ ማለዳ ወንድሙ ትራክተሯን አስነሣ። ዳሽቦርዱ ላይ በግራ በኩል የዘይት ግፊት ሲያንስ የምትበራ ቀይ መብራት አለች። ሌላ ጊዜ ሞተሩ እንደተነሣ እልም ትላለች። ያን ዕለት ግን አልጠፋ አለች። ወንድሙ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ጋሼ፣ ቀይዋ አልጠፋ አለች። ዘይቱ እየደረሰ አይመስለኝም። ሄደን እትዬን ብንጠይቃቸው ምን ይመስልሃል?»

የእትዬ ስም መነሣቱ በቃ። ጥፊው ወንድሙን ከጎማው ጋር አላተመው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። መዶሻ ግን ከዚያ ምንም አልታየውም። ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ፒንሳ አነሣ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባና የመብራቷን ሽቦ ቀጭ አድርጎ ቆረጣት።

«ይኸው ጠፋች። ሌላ አቤቱታ አለህ?»

ወንድሙ ጉንጩን ይዞ ወደ መቀመጫው ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አረሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ቀጭን የብረት ኳኳታ ሰማ። ሰምቷል፤ ምን ማለት እንደሆነም ገብቶታል። ጉንጩ ግን ገና አልረሳም። ለማን ይናገር? አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። ያቺ ትራክተር የሞተችው ወንድምየው ዝም ባለባት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ዝም ያሰኘው ደግሞ ጥፊው ነው።

ረፋድ ላይ ሞተሩ አንዴ ጮኸና እንደ ቦምብ ፈነዳ። ፒስተኑን የሚገፋው ክንድ፣ ቢየላው፣ ተበጥሶ የሞተሩን ግድግዳ ቀዶ ወጣ። የፈላ ዘይት የወንድሙን እግር ከጉልበቱ በታች ላጠው። ተወርውሮ ወረደና የታረሰው አፈር ውስጥ እየተንከባለለ ጮኸ።

መዶሻ ከማሳው ጫፍ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ያየው ሞተሩን ነው። በተቀደደው ቀዳዳ ውስጥ የተሰባበረ ብረት ይጨሳል። እጁ ላይ የነበረው ሃያ አራት ቁጥር መፍቻ ነው፤ ማረሻውን ሊያጠብቅበት ይዞት የመጣ።

«ምን አደረግካት?»

«ጋሼ፣ እግሬ… ውሃ…»

«ዘይት አልቆባት ዝም ብለህ ትነዳለህ? መብራቷን አታይም? ዓይን የለህም?»

ወንድሙ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ተቃጥሏል፣ አፈር በልቷል፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የመብራቷን ሽቦ ማን ቆረጠው?»

ቢዋሽ ኖሮ ምናልባት በጥፊ ያልፍ ነበር። እውነቱን ስለተናገረ ብረት ወረደበት። አንዴ ትከሻው ላይ፣ አንዴ ፊቱ ላይ። ሁለተኛው ድምፁ ሌላ ነበር። መዶሻ ያን ድምፅ ሲሰማ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ መፍቻው ወደቀ። ወንድሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል እየወጣ ክርኑ ድረስ ይወርዳል።

ሆስፒታል ያደረሱት ከአጎራባች ማሳ የመጡ ሰዎች ናቸው። አመሻሹ ላይ ሐኪሙ ወጥቶ የግራ ዓይኑ እንዳልተረፈ ተናገረ። መዶሻ ወደ ክፍሉ ሊገባ ሲል የወንድሙ ሚስት በሩ ላይ ቆመች። ቁመቷ ከደረቱ አይበልጥም፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ዓይን የለህም ብለኸው ነበር አሉ» አለችው። «ይኸው፣ አሁን ግማሹ የለውም። ሂድና ደስ ይበልህ።»

ሰው እንዲህ ሲባል ወይ ራሱን ያያል፣ ወይ ሌላ የሚመታ ይፈልጋል። መዶሻ ሁለተኛውን መረጠ። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ «ያቺ ሴትዮ ናት፤ የተበላሸ ዕቃ ሸጣልኝ ነው» የሚል ነገር አገኘ። ሲነጋ ከሞተሩ ላይ የፈታትን ፊልትሮ በአንድ እጁ፣ የብረት ቧንቧ በሌላ እጁ ይዞ ሱቋ ደረሰ። ሳይናገር የባንኮኒውን መስተዋት በአንድ ምት አደቀቀው።

«ወንድሜን አሳወርሽው!»

 የመስተዋቱ ስባሪ የሴትየዋን ጉንጭ ቧጭሮ ደም ወጥቷል። ቢሆንም አልሸሹም።

«መስበሩ ይደርሳል» አሉ ቀስ ብለው። «ሱቁም የትም አይሄድ፣ እኔም የትም አልሄድ። ብቻ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። መጀመሪያ የያዝካትን ከፍተህ እያት። ብረት መያዣው ሞርሳ ያውና። የብረት መጋዙም ያውና።»

መዶሻ ጥፋታቸውን በዓይናቸው ሊያሳያቸው ነው ፊልትሮዋን ሞርሳው ላይ ያሰራት። መጋዝ በጉልበት አይሄድም። ሲቸኩል ጥርሱ ይይዛል፣ ሲረጋጋ ይቆርጣል። ቧንቧውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ቀስ እያለ ገዘገዘ። ግንባሩ ላቡን አዘነበ። ሴትየዋ በመሐረብ ጉንጫቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር።

ቆርቆሮው ሁለት ሆነ። ውስጡ ያለው ወረቀት ታኝኮ የተተፋ መስሎ ተጨፍልቋል። መሃሉ ላይ ያለው የዘይት መሄጃ ጭራሽ ተዘግቷል። ወፍራሙ ዘይት ከውጭ ተከማችቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ክዳን የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ሴትየዋ ጎንበስ ብለው አዩና የሚያሳዝን ነገር እንዳየ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ምንም ተንኮል በሌለው ድምፅ ጠየቁት።

«እንዲህ እስክትሆን መብራቷ አልበራችም እንዴ?»

መዶሻ ክው አለ።  ወንድሙም የጠየቀው ስለዚችው መብራት ነበር። ለእሱ የሰጠው መልስ ሃያ አራት ቁጥር መፍቻ ነው። አሁን ለእኚህ ሴትዮ ምን ይመልስ? እንደገና ቧንቧውን ያንሣ? ባዶ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ አለቀሰ።

«በርታ ነበር፣ እትዬ። እኔ ነኝ የቆረጥኳት።»

ሴትየዋ አላጽናኑትም። ባያጽናኑት አልፈርድባቸውም። መጥረጊያ አቀበሉት። «መስተዋቱን ጥረግ። ከዚያ የምትሄድበትን አንተው ታውቀዋለህ» አሉት።

ጠረገ። ከዚያ ሁለቱን የፊልትሮ ግማሾች እንደያዘ በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ተረኛው መዝገቡን ገልጦ አየ።

«ወንድምህ የሰጠው ቃል ከትራክተር ወድቄ ነው የሚል ነው።»

የወንድሙ ውሸት ከሚስትየዋ እርግማን ይልቅ አንጀቱን በላው። «አልወደቀም» አለ። «የመታሁት እኔ ነኝ። ጻፈው።»

ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ።

ዘይትና ፊልትሮ ስለ መምረጥ ይህ ታሪክ የሚለው ብዙ አይደለም። የሞተሩ መመሪያ ያዘዘውን ቁጥር ግዛ። ጥርሱ ገጠመ ብለህ ሆዱን ያላወቅከውን ዕቃ አትሰር። የሚያውቅ ሰው «ቆይ» ሲልህ ቆይ። ከባዱ ሌላው ነው። ስንቱ ቤት ውስጥ፣ ስንቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ «አደጋ አለ» ያለው ሰው ጥፊ ቀምሶ ዝም ብሏል! ከዚያ ነገሩ ሲፈነዳ «ለምን አልነገርከኝም?» እያልን እንጮሃለን። የሚነግረንን ሰው በእጃችን ካፈንነው በኋላ ጆሮ ቢኖረን ምን ይፈይዳል? የተፈታ ሞተር ይገጠማል። የጠፋ ዓይን ግን መለዋወጫ የለውም።

መዶሻ ሲፈታ የወንድሙን ግቢ አጥር ተደግፎ ብዙ ቆመ። መግባት ፈራ። ከመጠለያው ሥር ትራክተሯ ይታየዋል። ወንድሙ ሌላ ሞተር አስገጥሞላታል፤ አዲሱ ፊልትሮ ረጅሙ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጣሳ ላይ አሥራ አምስት አርባ የሚል ተጽፏል። ወንድሙ በአንድ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ግባ» አለው በመጨረሻ። «እጅህን ግን ኪስህ ክተት።»

መዶሻ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተና ገባ።

«ከእንግዲህ የምነግርህ ነገር ሲኖር እንዲህ ሆነህ ነው የምትሰማኝ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ሁሉንም ጠግኛለሁ። የመብራቷን ሽቦ ግን አልነካሁም። እሱ ያንተ ነው። ለእሱ ብቻ እጅህን አውጣ።»

መዶሻ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። ራሱ የቆረጣቸውን ሁለት ጫፎች አገኘ፣ ልጣቸውን ላጠ፣ ጠምዝዞ አገናኛቸውና በጥቁር ፕላስተር ጠቀለላቸው። ሁለቴ ተፈታበት፤ ሁለቴም መልሶ ጠመዘዘው። ሲጨርስ ወጣና እጆቹን ወደ ኪሱ መለሰ።

ወንድሙ መቀመጫው ላይ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። ቀይዋ መብራት በራች። ሞተሩ ተነሣ። ወንድሙ ፊቱን ሳያዞር ጠየቀው።

«በግራ በኩል አይታየኝም። አንተ ንገረኝ፤ ጠፋች?»

መዶሻ ጠጋ አለ። እንባው እየወረደ መብራቷን ትክ ብሎ አያት። እንባውን ለመጥረግ እንኳ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ጠፋች፣ ወንድሜ» አለ።