ተረት በጠራራ ፀሐይ

ጣሊያን መቱ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የሰፈሩ እናቶች ጭንቀት አንድ ነበር፤ ልጆቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ መግባታቸው። ከመሸ ደጅ የተገኘ ይተኮስበታል ተብሎ ታውጇል። ኮረብታው ላይ የሰፈረው ካምፕ ደግሞ ትልቅና ትንሽ አይለይም።

እናም ከጎረቤት ተሰብስቦ የማታ ተረት መስማት ቀረ። ልጆቹ ቀን ቀን ከብት እየጠበቁ፣ ማታ ማታ እንደ ዶሮ እየተቆለፈባቸው ክረምቱን ገፉት። እታፈራሁ አንጀቷ አልችል አለ። አባቷ ከጎንደር የመጣ የጦር ሰው ነበር፤ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። እሷ ከታመመች እናቷ ጋር ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። ከሰዓት በኋላ በረንዳዋ ላይ እንዝርቷን ይዛ ስትቀመጥ ልጆቹ ይከቧታል፤ እሷም ስለ ጅቡ፣ ስለ ጦጣዋ፣ ስለ ጉሬዛዋ ታወራላቸዋለች፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ።

በቀን መሆኑ ነው ጣጣው። የአገሩ ሰው ተረት በቀን አያወራም። ተረት በቀን ከተነገረ ከብት መንገዱን ይስታል ይባላል።

«አንቺ ልጅ፣ ተይ ብያለሁ!» ትላለች ጎረቤቷ እትዬ ሻሽቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። «የእናንተ አገር ልማድ አላውቅም። እዚህ ግን በፀሐይ አይወራም!»

«እትዬ፣ ማታ እንዳናወራ ከለከሉን፤ ቀን እንዳናወራ እርስዎ ከለከሉን። እነዚህ ልጆች መቼ ይሳቁ?»

«አይሳቁ! ማን ሲስቅ አየሽ ዘንድሮ?»

አንድ ቀን እታፈራሁ ጉሬዛዋ ነጩን ካባ ከየት እንዳገኘች እያወራች ነበር። ካባው ጥንት የጅቡ ነበር፤ ጉሬዛዋ ለሠርግ ብላ ተውሳው ዛፍ ላይ ወጣች፤ እስከ ዛሬም አልወረደችም።

«ጅብ ደግሞ ካባ ነበረው?» አለ አንድ ድምፅ።

ቆዳ የተጫነ በቅሎ የሚጎትት ወጣት በሩ ላይ ቆሟል። ታጁዲን ነው፤ የባለሱቁ የጋሼ ሱሌማን የወንድም ልጅ። ካምፑ ውስጥ እስላም ያላረደውን ሥጋ የማይበሉ አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ ስላሉ፣ በየጠዋቱ እየተጠራ ያርዳል። እምቢ ማለት አይችልም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ሰፈሩ «የካምፑ ቢላዋ» ይለዋል፤ ሲያልፍ ሴቶች ምራቃቸውን ይተፋሉ።

«ነበረው» አለች እታፈራሁ። «ካላመንክ በየጠዋቱ የምታርድላቸውን ጅቦች ጠይቃቸው።»

ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እንዲህ ያለ ቃል አስገርፏል፤ አሰቅሏልም። ልጅቷ ግን አፏ ከልቧ ይቀድማል፤ ለእናቷ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣ አፍ ነው።

ታጁዲን አልተቆጣም። ቶሎ ብሎ ግራ ቀኙን አየ።

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» አላት። «እኔ ባልሆን ኖሮስ?»

በማግስቱ ሲያልፍ በቅሎውን አቆመ። «ጉሬዛዋ ካባውን መለሰች?»

«አልመለሰችም።»

«ደግ አደረገች» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሳይጠይቅ ያለፈበት ቀን የለም። እሷም መልሷ እያጠረ፣ ዓይኗ እየረዘመ መጣ። የበቅሎው ኮቴ ከታች ሲሰማ ክሯ ይበጠሳል። ቀና ስትል ያያታል፤ ሲያያት ታቀረቅራለች፤ ስታቀረቅር እሱ ያልላላውን የበቅሎውን ጭነት ያጠብቃል። በመካከላቸው ሁልጊዜ አጥሩ አለ።

እናቷ ተኝታ ሁሉንም ትሰማለች።

«እቱ፣ እስላም ነው።»

«ምን አልኩ እማዬ?»

«የካምፑ ሰው ነው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ይበቃኝ ነበር!»

የእትዬ ሻሽቱ ላም ቦራ የጠፋችው በዚሁ ሰሞን ነው። ግንባሯ ነጭ፣ ግራ ጆሮዋ ስንጥቅ የሆነ የምትታለብ ላም፤ አባት የሌላቸው የልጅ ልጆች የሚያድጉባት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመስኩ ቀረች። ጫካው ተፈለገ፣ ወንዙ ዳር ተፈለገ፤ አጥንቷም አልተገኘም።

እትዬ ሻሽቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መጣች።

«በላሻት! በአፍሽ በላሻት! አላልኩሽም? ተይ አላልኩሽም?»

«እትዬ፣ እኔ ላምዎን ምን—»

«ዝም በይ! አባትሽ በጠመንጃ በላን፣ አንቺ በተረት!»

ያን ዓመት ጣሊያኑ «ነፍጠኛው ነው ጠላታችሁ» እያለ በየገበያው ያስነግር ነበር፤ የቆየ ቂም ያለውም የሌለውም ጆሮውን ሰጥቶ ነበር። እናቶች መጥተው ልጆቻቸውን እያንጠለጠሉ ወሰዱ። በማግስቱ የእታፈራሁ በር እበት ተለቅልቆ አደረ። ከምንጩ ስትደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ተነሡ። ማንም እሳት አልሰጣትም፣ ማንም ጤና ይስጥልኝ አላላትም። ሽማግሌዎቹም ቅዳሜ ዋንዛው ሥር ተቀምጠው ነገሩን ሊያዩ ቀጠሩ። ወሬው አስቀድሞ ደርሷል፤ ከመቱ ትውጣ ነው የሚሉት።

ወዴት ትውጣ? መንገዱን ወታደር ይዞታል፣ ወታደር የሌለበትን ሽፍታ ይዞታል። እናቷ ከአልጋ ወርዳ በሩ ድረስ መሄድ አትችልም። ይህች ልጅ በሽተኛ ተሸክማ፣ ወንድ ሳይኖራት፣ በዚያ ጭቃ ወዴት ትሄዳለች?

ዓርብ ወደ ማታ ታጁዲን ከአጥሩ ማዶ ቆመ። በቅሎ አልያዘም።

«አንተም ልትፈርድብኝ መጣህ?»

«ላሚቱን ተረት አልወሰዳትም» አለ።

«ታዲያ ማን ወሰዳት?»

እጆቹን አየ። እሷም እጆቹን አየች፤ ያን ጊዜ ገባት።

«አንተ ነህ ያረድካት።»

«ተገዝታ መጣች አሉኝ። ስጥላት ነው ጆሮዋን ያየሁት። አስካሪው ጠመንጃውን ይዞ አጠገቤ ቆሟል፤ ምን ልበል?»

«ነገ ተናገር!»

«ካምፑን ሌባ ያለ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። ያጎቴም ሱቅ፣ ያጎቴም ነፍስ…»

«እሺ» አለች። ድምፅዋ ሳይጮህ ነው የጎዳው። «የአንተ ነፍስ ነፍስ ነው። የእናቴ ግን መንገድ ላይ ትቅር። ሂድ! ዳግመኛም ስለ ጉሬዛዋ እንዳትጠይቀኝ።»

ዞሮ ሄደ። እሷ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ በዚያ ብርድ አጥሩን ይዛ ቀረች።

ቅዳሜ ሕዝቡ ዋንዛው ሥር ሞላ። ስብሰባ ያለ ጠባቂ አይፈቀድምና ከካምፑ አንድ ቡሉክባሽ፣ የአስካሪዎቹ አለቃ፣ አለንጋውን ይዞ ከዳር ቆሟል። የገበያ አማርኛ ያውቃል፤ ኦሮምኛ ግን አንዲት ቃል አይሰማም። ሽማግሌው ኦቦ መገርሳ በትራቸውን ተደግፈው እታፈራሁን አስቆሟት።

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ በቀን ተረት አውርተሻል?»

«አውርቻለሁ አባባ።»

«ልማዱን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

«ሰማችሁ? ታውቃለች!» አለች እትዬ ሻሽቱ። «ትውጣልን!»

«ትውጣ!» አለ ሕዝቡ። የእሷን ተረት እየሰሙ ከሚስቁት ልጆች እናቶች መካከል ዝም ያለች አልነበረችም።

ኦቦ መገርሳ ሊፈርዱ በትራቸውን ሲያነሡ ታጁዲን ከመካከል ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኦቦ መገርሳ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ላውራ» አለ በኦሮምኛ። «ተረት ነው።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ «በዚህ ፀሐይ? ያበደ ነው!» አለ፤ ሌላው «የካምፑ ቢላዋ ደግሞ አፍ አወጣ!» አለ።

«ከፈለጋችሁ እኔም አብሬያት እወጣለሁ» አለ ታጁዲን። «ግን ስሙኝ። በድሮ ዘመን አራዊት በሰላም ይኖሩ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከሩቅ አገር ጅቦች መጥተው ኮረብታ ላይ ሰፈሩ። እነዚህ ጅቦች ጨለማ አይጠብቁም፤ በቀን ይበላሉ።»

ቡሉክባሹ አዛጋ።

«አንዲት ርግብ ነበረች፤ በቀን ትዘምራለች። አንዲት ላምም ነበረች፤ ግንባሯ ነጭ። ላሚቱ ጠፋች። አራዊቱ ኮረብታውን መጠየቅ ፈሩ። ፈሪ ሰው ደግሞ አቅሙ የሚችለውን ይጠይቃል፤ ርግቧን ያዙ። ‹በዘፈንሽ አጠፋሻት፣ ውጪልን› አሏት።»

እትዬ ሻሽቱ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ከጅቦቹ ማዕድ የሚውል አንድ ቁራ ነበር» አለ ታጁዲን። «የተጠላ ቁራ። ላሚቱ ስትታረድ አይቷል፤ ከማየትም አልፎ በገዛ አፉ ነው የወጋት። ርግቧን ደግሞ ይወዳታል። ከአጥር ማዶ ሆኖ ዘፈኗን ሲሰማ ቁራ መሆኑን ይረሳል። ስለዚህ—»

«አንተ ቁራ!» አለች እትዬ ሻሽቱ፣ እሷም በኦሮምኛ። «የላሚቱ ጆሮ እንዴት ነበር?»

«ግራው ስንጥቅ ነበር እናቴ።»

አሮጊቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሕዝቡም፣ እግዜር ይይላቸው፣ አንድ ጥፋት አጠፉ። መቶ ራስ ባንድ ጊዜ ወደ ኮረብታው ዞረ።

ቡሉክባሹ ኦሮምኛ አያውቅም፤ ራስ ሲዞር ግን ያያል። ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ምን ይላል?» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

«ተረት ነው ጌታዬ» አሉ ኦቦ መገርሳ ረጋ ብለው። «የልጆች ተረት።»

ቡሉክባሹ አላመነም። አለንጋውን ክንዱ ሥር ከትቶ ወደ ኮረብታው መሮጥ ጀመረ።

«ልጅቷ አትወጣም፤ ፈርጃለሁ» አሉ ኦቦ መገርሳ በትራቸውን መሬት መትተው። ወደ ታጁዲን ዞሩ። «አንተ ግን አሁኑኑ ጥፋ። ወደ ያዮ ጫካ። ሂድ ልጄ!»

ሕዝቡ እንደ ጭስ በነነ። እታፈራሁና ታጁዲን ለአንድ አፍታ ብቻቸውን ቆሙ።

«ቁራው መጨረሻው ምን ሆነ?» አለች።

«ገና አልደረስኩበትም» አለና በቡናው ተክል ውስጥ ሮጠ። ስንቅ የለው፣ ጋቢ የለው፤ በዚያ የዝናብ ወራት።

በዚያው ቀን ካምፑ የጋሼ ሱሌማንን ሱቅ አሸገ፤ እሳቸውንም ገርፎ ለቀቃቸው። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሱሌማን እታፈራሁን መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር ያላግጡባታል። «እንደምን ዋልሽ ርግቢት? መቱ ተመቸሽ? የኔ ልጅ ግን ከአውሬ ጋር ነው የሚያድረው!» እሷ እጅ ነስታ ታልፋለች። እትዬ ሻሽቱም ይቅርታ አልጠየቀችም፤ በሩ ላይ የደረቀውን እበት ግን አንድ ጠዋት ተጎንብሳ ስትፍቅ ታየች፤ ስትታይ ደግሞ ተሳድባ ገባች። ሰፈሩ እታፈራሁን ታገሣት እንጂ አልወደዳትም።

እናቷ በዚያው አልጋ ላይ፣ በገዛ ቤቷ፣ በክብር ዓረፈች። የሚያገባት መጥቶ ነበር፤ ደህና ኑሮ ያለው ሰው። «ቃል አለብኝ» አለችው። ቃል ግን ማንም አልሰጣትም ነበር፤ እሷም አልሰጠችም።

ጣሊያን ሲወጣ ከያዮ በኩል ብዙ ሰው ወጣ። ታጁዲን በበረንዳዋ ፊት የቆመ ቀን ጢሙ አድጎ፣ አንድ እግሩን ጥይት አጥፎት ነበር። አላወቀችውም። ቆሞ ሲያያት ነው ያወቀችው።

«እዚህ መኖር አልችልም» አላት። «ያጎቴ ደጅ ተዘግቶብኛል። ሌላውም ሰው እስከ ዛሬ ቢላዋ ነው የሚለኝ። ከወንዙ ማዶ፣ ኖፓ፣ የምሠራው መሬት አግኝቻለሁ። ልሰናበትሽ ነው የመጣሁት።»

«ልትሰናበት?»

«ቤትሽ እዚህ ነው። ከዚህ እንዳትነቀዪ ብዬ ነበር ያን ሁሉ…»

እታፈራሁ ገባች። ስትወጣ ነጠላዋን ደርባ ቁልፍ ይዛ ነበር። አጥሩ ዘንድ እትዬ ሻሽቱ ቆማለች፤ አርጅታለች፤ ምላሷ ግን ያው ነው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ኖፓ እትዬ።»

«ከእሱ ጋር? ቄሱስ? ሼሁስ? ሰው ምን ይላል?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ደግሞስ ያ ሁሉ መከራ አንቺ እዚህ እንድትቀሪ አልነበረም?»

«ነበር። ቀርቼ አየሁት እኮ እትዬ። ሰፈሩ እኔን አልጠላኝም፤ ግን ማንም በሬን አላንኳኳም።» ቁልፉን በአጥሩ ላይ ሰጠቻት። «የልጅ ልጆችዎ ይግቡበት። ጣራው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል፤ ከክረምት በፊት ያስከድኑት።»

አሮጊቷ ቁልፉን ጨብጣ ቀረች። ሲርቁ፣ «ወንዙ ሞልቷል፣ ከላይ በኩል ተሻገሩ!» ብላ ጮኸች፤ እንደ ስድብ።

ወንዙ እውነትም ሞልቶ ነበር። ታጁዲን በትሩን ውኃው ውስጥ ተክሎ ቀድሞ ገባ፤ ከዚያ ዞሮ እጁን ዘረጋላት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተነካክተው አያውቁም።

«ይዘሽኛል?» አላት።

«ያዝ አንተ እንጂ» አለችው። «የምታነክሰው አንተ ነህ።»

ሳቀ። ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። እጁን አጥብቃ ያዘችና ወደ ውኃው ገባች።