አልሰበር ያለው ክኒን

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ሁለት ፖሊሶች ታናሽ እህቷን በር ላይ ይዘው ቆመዋል። ክኒኗን በየቀኑ የምታስውጣት እሷ ነበረች፤ ጠርሙሱ ውስጥ የተገኘው ክኒን ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘው አይደለም። ለሰነፍ መርማሪ ይኸው ይበቃል።

ይህቺን መርማሪ ግን ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ወደው አይደለም።

«ክኒኑን ማን ነው የሚያመጣው?»

«ጋሼ» አለች እህቲቱ፣ ወደ ሟች ባል እያየች። «የኔ ሥራ ማስዋጥ ብቻ ነው። ጠዋት ሙሉውን፣ ከሰዓት ግማሹን። ከሁለት ወር በፊት ከአንጎሏ ሥር እጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል፤ የወተት እጢ ነው አሉን።»

«ሰሞኑንስ ምን ሆነች?»

«ያስመልሳት ነበር፤ ድካም ብቻ! ጉንፋን መሰለኝ። ክኒኑም አልሰበር ብሎኝ በቢላ ነበር የምከፍለው። እኔን ይድፋኝ እትዬ!»

መርፌ የጠርሙሱን ክኒን በጣቷ ዳሰሰች፤ ልሙጥ ነው። ከአልጋው አጠገብ ያለው መሳቢያ ጥግ የቀረ አሮጌ ግማሽ ግን ለመስበሪያ የተበጀ መስመር ነበረው።

ባልየው፣ የመሬት ቀያሽ፣ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሏል። «ያ የጭንቀት እጢ ጨረሳት» አለ። ሰው ሁሉ የሐዘን ወግ መስሎት ከንፈሩን መጠጠለት። መርፌ ግን ቀጥታ እጢው ወደተመረመረበት ላብራቶሪ ሄደች።

«የጭንቀት እጢ?» ባለሙያው ሳቀ። «የኛን የቤት ቋንቋ ማን ነገረዎት? እጢዎቹን የምንለያቸው በሚያመነጩት ሆርሞን ነው። ስማቸው ምላስ ይሰብራላ! የጡት ወተት የሚያመጣውን ወተት፣ አጥንት የሚያሳድገውን እድገት፣ የጭንቀቱን ሆርሞን ኮርቲዞልን የሚያበዛውን ጭንቀት እንላለን። ምንም የማያመነጭም አለ፤ እሱን ጨዋው ብለነዋል።»

«የሷስ?»

«በደም ምርመራ ወተት ብለን ነበር። ወጥቶ በቀለም ነክረን በማይክሮስኮፕ ስናየው ጭንቀት ሆነ። እንዲህ ያለው እጢ ሲወጣ ሰውነት ኮርቲዞል መሥራት ይረሳል፤ እሱን የሚተካው ክኒን ከተቋረጠ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ውጤቱን የወሰደውን ሰው አስጠንቅቄዋለሁ።»

«ማን ነው?»

«ባሏ።»

ከሰዓት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ክኒኑ የተቀየረው ሰሞኑን ነው፤ ቀድሞ በጣት ይሰበር ነበር። እህቷ ቀይራው ቢሆን አልሰበር አለኝ ብላ ራሷን አታጋልጥም። ገዳዩ ደግሞ ያ ክኒን ቢቀር እንደምትሞት ያወቀ ሰው ነው። ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ወተት የሚለውን ነው።» ወደ ባልየው ዞረች። « ጭንቀት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቃሉ የላብራቶሪው ነው፤ ውጤቱን ፈርመው ወስደው ደብቀዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!»



«ስትታመም የኔ ነበረች» አለ ባልየው። «ፊቷ አብጦ ከቤት መውጣት ታፍር ነበር። ስትድን ቀሚሶቿን አንድ በአንድ አጠበበች። ትታኝ ልትሄድ ነበር።»

ፖሊሶቹ እህቲቱን ለቀው ካቴናውን እሱ እጅ ላይ አስገቡ።

«በቃ፣ ነፃ ነሽ» አለቻት መርፌ።

እህቲቱ መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«ምን ነፃነት አለኝ? እትዬ ያስመልሰኛል፣ ይቅርብኝ ስትለኝ፣ በሞቴ ብዬ ነው ያስዋጥኳት።»