እኔ ቅጣትሽ አይደለሁም

ሴት ልጅ «አግቢኝ» ተብላ «እሺ» ስትል ፊቱ የሚጠቁር ወንድ አለ ቢባል ማን ያምናል? ጋጋሪው ግን ጠቆረ። ዱቄት የለበሰ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ፣ ምድጃው ፊት ቆሞ ነበር የጠየቃት። እሷም ትኩስ ዳቦ የሞላበትን ትሪ እንደያዘች «እሺ» አለችው። ጥያቄው ገና ከአፉ ሳይወጣ።

«ትንሽ አታስቢበትም?»

«አሰብኩ እኮ። እሺ።»

ይህቺን ልጅ ሰው ሁሉ «እርሾ» ነበር የሚላት፤ የገባችበትን ቤት ሳታስነሳ ስለማትወጣ። እዚህ ዳቦ ቤት መጀመሪያ የመጣችውም ሥራ ፈልጋ አይደለም፣ ልትጣላ ነው። ያልበሰለ ዳቦ ይዛ ገብታ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችና «ይኼን የጋገረው ሰው በእጁ ነው በእግሩ?» አለች። ጋጋሪው ከጓዳ ብቅ ብሎ «በአፌ ነው፣ እንዳንቺ» አላት። አፈጠጠችበት። እሱም እንዳፈጠጠባት ቀረ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት የጋጋሪው አክስት ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል። ሁለቱን እያፈራረቁ አዩና «አንቺ ልጅ፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ ብትሠሪስ? ይኼን ልጅ ልክ የሚያስገባ ሰው ስፈልግ ኖሬያለሁ» አሏት።

እንዲህ ተጀመረ። ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይኮራረፋሉ። እሷ ካኮረፈች ጠዋቱን ሙሉ ቃል አይወጣትም፤ እሱ ደግሞ እስክትስቅ ድረስ ከሊጥ አፍንጫቸው የረዘመ ሰዎች እየሠራ ጠረጴዛዋ ላይ ይደረድርላታል። እትዬ «እናንተን ቄስ ይገላግላችሁ እንጂ እኔስ ደከመኝ» ይሉ ነበር።

ዳቦ ቤቱ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ማብሪያ ከግድግዳው ወዲያ በኩል ስለሆነ፣ የሚጫነው ሰው ገንዳውን አያይም። ስለዚህ አስቀድሞ «እጅ?» ብሎ ይጣራል። ገንዳው ዘንድ ያለው እጁን ሰብስቦ «ወጥቷል!» ይላል። ይህ ሳይባል ማሽኑ አይነሳም።

ያን ቀን እርሾ አኩርፋ ነበር። በምን? በምንም! አዲስ የተሠራችውን ፀጉር አይቶ «የንብ ቀፎ» ብሏት ነው። እስከ ማታ ላታናግረው ለራሷ ምላለች። ስለዚህም አልተጣራችም። ሊጡን አስገብቶ የጨረሰ መስሏት፣ አፏን እንደዘጋች ማብሪያውን ተጫነችው። እሱ ገና የገንዳውን ጠርዝ እየጠረገ ነበር።

ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አልተረፉም።

«ተይ አታልቅሺ፣ እኔ ትቼዋለሁ» አላት ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ። «ቀፎ ያልኩትን ግን አላነሳም።»

ከልቡ ነበር። የሰው ይቅርታ ዓይኑ ላይ ያስታውቃል፤ የእሱ ዓይን ውስጥ የቂም ጥላ አልነበረም። ግን ምን ዋጋ አለው? ይቅርታው የሚያርፍበት አጣ። ከዚያ ወዲያ ያቺ እርሾ የምትባል ልጅ የለችም። ክርክር ቀረ፣ ሳቅ ቀረ፣ ኩርፊያማ ጭራሽ። ትሪውን ከእጁ ትነጥቀዋለች፣ ሽርጡን ታስርለታለች፣ ሻዩን ሳይቀር ታማስልለታለች። ማብሪያው ያለበት ጥግ ግን ድርሽ አትልም። ለጸሎት ስትቆም ፊቷ የሚመጣው መስቀሉ ሳይሆን የእሱ እጅ ነው። ንስሐ ገባች፤ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ተመልሳ ያንኑ ይዛ ሄደች። አሁንም ተመለሰች። ዓመት ሞላት።

እንግዲህ በዓመቱ ነው ጋጋሪው «አግቢኝ» ያላት፤ እሷም «እሺ» ያለችው። ፊቷን አየና ሊሞክራት ፈለገ።

«የምንኖረው ከእናቴ ጋር ነው።»

«እሺ።»

«እናቴ ደግሞ ምላሷ መጥረቢያ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«ይሁን፣ ምን አለበት።»

«የመጀመሪያ ልጃችንን ጎመን ብለን ነው የምንጠራው።»

«እሺ። አንተን ደስ ካለህ።»

አልሳቀችም። ቀልድ መሆኑም አልገባትም። ጋጋሪው ትሪውን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደና አስቀመጠው።

«ዱሮ ቢሆን ይኼን ትሪ ራሴ ላይ ትደፊው ነበር» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ትወጂኛለሽ?»

«አገለግልሃለሁ። ዕድሜ ልኬን።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ዓይኗ እጁ ላይ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ተነቅሎ አያውቅም።

«ቀና በይ እስቲ፣ ፊቴ እዚህ ነው» አላት። «እኔ ቅጣትሽ አይደለሁም። ሚስት ነው የፈለግኩት፣ እስረኛ አይደለም። ባየሽኝ ቁጥር የምታለቅሺ ከሆነ እኔስ ይኼን ነገር መቼ ነው የምረሳው? አንቺ እኮ በየቀኑ አዲስ ታደርጊብኛለሽ።»

ሽርጡን ፈትቶ ወጣ።

በሳምንቱ እትዬ ለብቻዋ ጠሯትና ነገሯት። ጋጋሪው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል፤ ቅዳሜ ይሄዳል።

«ጠልቶሽ እንዳይመስልሽ» አሉ። «ስትሟሟ ማየት አልቻልኩም ነው የሚለው። ልጄ፣ ይኼ ከሄደ አይመለስም። እኔ አውቀዋለሁ፣ እንደ አባቱ ግትር ነው።»

እርሾ ወዲያው ወደ ካህኑ ሮጠች። ሌላ የት ትሂድ? አባ መጥረጊያ ይዘው የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ይጠርጋሉ።

«አባ፣ ንስሐ ልገባ ነው።»

«በምን ነገር?»

«በእጁ።»

አባ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «እሱን ኃጢአት አላውቀውም።»

«እንዴ አባ! ስንቴ ነግሬዎታለሁ?»

«አንድ ጊዜ ሰማሁ፣ ለባለቤቱ አደረስኩ፣ እሱም ደመሰሰው። ከዚያ ወዲያ እያመጣሽ ያለሽውን ከየት እንደምታነሺው አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ራሴን ይቅር ማለት አቃተኝ እኮ!»

«ማን ይቅር በይ አለሽ?» ቆጣ አሉ። «ይቅር ባዩ ሌላ ነው። ከአንቺ የተፈለገው መቀበል ብቻ ነው። እሱ ‹ማርኩሽ› ሲል ‹የለም፣ እኔ አልምርም› የምትይ፣ ከእግዚአብሔር በላይ ዳኛ ሆንሽ እንዴ?»

ደነገጠች። እስከዛሬ ትሕትና መስሏት ነበር።

«ታዲያ ስግደት ይስጡኝ። ጾም ይስጡኝ።»

«አልሰጥሽም። ስግደትማ ለአንቺ መደበቂያ ነው።» አባ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ድምፃቸውም ለሰለሰ። «ልጄ፣ ጴጥሮስ ጌታውን አላውቀውም ብሎ ካደ አይደል? እስኪ ጌታ በኋላ ባሕሩ ዳር ምን ይዞ ጠበቀው? አለንጋ? ፍም አቀጣጥሎ፣ ዓሣና ዳቦ አዘጋጅቶ ነው የጠበቀው። ጴጥሮስም ቀርቦ በላ። በድሎ ተጋብዞ መብላት ከመስገድ ይከብዳል። ዳቦ ቤት እየሠራሽ ይኼ እንዴት ጠፋሽ?»

ቀልሏት ተመለሰች ብል ውሸት ነው። ተናዳ ነው የተመለሰችው። በአባ ተናደደች፣ በራሷ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይነግራት ዕቃውን በሚጠቀልለው ሰውዬ ተናደደች። ዓመት ሙሉ በማንም ተናዳ አታውቅም ነበር። በመንገዱ ሁሉ እያለቀሰች ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰው ዞር እያለ ያያት ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ስትገባ ሻንጣው በሩ ጥግ ቆሟል። ጋጋሪው ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ የመጨረሻውን ሊጥ ያዘጋጃል።

«እንኳን መጣሽ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ሳልሰናበትሽ ባልሄድ ብዬ…»

«ሊጡ ቀጥኗል» አለች።

«ምን?»

«ቀጥኗል! ውኃ ነው እንዴ የምታቦካው? በዚህ እጅህ ነው ሰው አገር ሄደህ የምታዋርደን?»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ‹በዚህ እጅህ› ብላዋለች። ምድር ብትውጣት ወደደች። ጋጋሪው አንገቱን ደፍቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሏት ጠጋ ብላ ስታይ፣ ይስቃል!

«ምን ያስገለፍጥሃል?» ጮኸችበት። «ለአክስትህ ነግረህ፣ ዕቃህን ጠቅልለህ፣ ለእኔ ሲሆን በሰው አፍ! ወንድ ነህ አንተ? አትሄድም! አይሆንም!»

«አኮረፍሽ?»

«አዎ፣ አኩርፌያለሁ!»

ሊጡ ግን መቦካት አለበት፤ ደንበኛ ኩርፊያ አይበላም። እርሾ ወደ ግድግዳው ወዲያ ሄደች። ዓመት ሙሉ ያልረገጠችው ጥግ ነው። እጇን አነሳች፣ መልሳ አወረደች። «ጌታ ሆይ» ብላ ጀምራ የምትጨርሰው አጣች። ጆሮዋ ውስጥ የዚያን ቀን ጩኸት አለ፤ ምናልባትም ዕድሜዋን ሙሉ አይጠፋ ይሆናል። ቢሆንም፣ አኩርፋም፣ እንባዋ እየወረደም፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

«እጅ?»

መልስ ዘገየ። እሱ ግን ገንዳውን ትቶ፣ ግድግዳውን ዞሮ፣ ፊቷ መጥቶ ቆመ። ሊጥ የለበሱ ሁለቱንም እጆቹን፣ ጎደሎውንም ሙሉውንም፣ ወደ ላይ አነሳላት።

«ወጥቷል» አለ።

እጁን አየች። ከዚያ ፊቱን አየች፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ደህና አድርጋ አየችው። ማብሪያውን ተጫነች። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። እዚያው ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፤ አላባበላትም።

«እንደገና ልጠይቅሽ?» አለ በመጨረሻ።

እርሾ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች።

«አስብበታለሁ» አለች። «ከእናትህ ጋር ግን አንድ ቀን አላድርም። ጎመን የሚባል ልጅም አልወልድልህም።»

«እሺ» አለ ጋጋሪው፣ ፊቱ በርቶ። ተነስቶም ሻንጣውን ከበሩ ጥግ አነሳና ወደ ጓዳ አስገባው።