«ጥያቄሽ ተይዟል»

«እስቲ ድገሚያት» አሉ መምህር አምሐ፣ የአዳራሹን በር በጀርባቸው ደግፈው።

ወለላ ደገመችው። «የተከበራችሁ የወረዳ አመራሮች፣ ለትምህርት ቤታችን የእጅ መታጠቢያ ውኃ መቼ ይገባልናል?»

«ሸጋ! ከዚህ እንዳታልፊ። እነሱም ለዚህችው ተዘጋጅተው ነው የመጡት።»

መምህሩ ሲገቡ ጓደኛዋ ፀደይ በክርኗ ጎነጠቻት። «የተማሪ ፓርላማ አፈ ጉባኤ ተብዬዋ! ጥያቄም እንደ መዝሙር ይጠናል እንዴ? ፉገራ ነው እኮ።»

ወለላ አልሳቀችም። ከጠዋት ጀምሮ የምታስበው ስለ ታላቅ ወንድሟ ስለ አለበል ነበር። አለበል ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ሲጀምር ጎንደር ወስደውት፣ በየወሩ በሚወጋው መርፌ ተሽሎት ወደ እርሻው ተመልሶ ነበር። ክረምት ላይ መንገድ ተዘጋ። መርፌው እዚህ ጤና ጣቢያ አይገኝም። ድምፆቹ ተመለሱ። እናታቸው ዝናሽ ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበትና ለጎረቤቱ «መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል» አለች። የደጋ ጎረምሳ ሁሉ የሚሄድበት ነውና ማንም አልጠረጠረም።

ዛሬ ቁርሱን ስታደርስለት ወደ በሩ ስንጥቅ ተጠግቶ «የመተማ ሙቀት ፈጀኝ» አላት። እንዲህ የሚቀልደው ሻል ሲለው ነው። «ሰሊጡ ሸጋ ነው በያት ለእማዬ።»

«አሌ፣ ለሰው ብናገር ይከፋሃል?»

«እኔ መች ተደበቅሁ? የቆለፋችሁት እናንተ።»

አዳራሹ ከወረዳው አመራሮች ጋር ሊነጋገሩ በመጡ ወላጆች ሞልቷል። ዝናሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አያ ካሣዬ የሚባሉ ሽማግሌ ቀድመው ተነሡ።

«የአእምሮ ሕመምተኛ ይዘን ጎንደር ድረስ የምንንከራተተው ለምን ነው? ምነው መድኃኒቱ እዚህ ቢመጣ?»

ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የመጡት ኃላፊ ፈገግ አሉ። «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ሕመም እኛ ዘንድ ብዙም የለም። ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ብሎ ጤና ጣቢያችንን የረገጠ ሰው አልመዘገብንም። በሽተኛ ሳይኖር መድኃኒት አምጥተን መደርደሪያ እናስውብ?»

ሰው ሳቀ። ዝናሽም ከሰው ጋር ሳቀች።

የወለላ ጆሮ ጋለ። መድኃኒት ስለሌለ ሰው አይሄድም፤ ሰው ስለማይሄድ መድኃኒት አይመጣም። ኃላፊው የሉም ካሏቸው ሰዎች አንዱ አለበል ነው። እንዲህ እንዲሉ ያመቻቸችላቸው ደግሞ የገዛ እናቷ ናት፤ እሷም ራሷ፣ ቁርሱን በስንጥቅ እያቀበለች። በማን ይበልጥ እንደተናደደች መለየት አቃታት።

መምህር አምሐ ድምፅ ማጉያውን ሰጧት። «ውኃው» አሉ በሹክሹክታ።

«በሽተኛ የለም ብለዋል» አለች ወለላ። «አለ። ወንድሜ አለበል ነው። መተማ አልሄደም። ቤታችን ውስጥ ተቆልፎበታል። ጤና ጣቢያ ያልመጣው መርፌው እንደሌለ ስለምናውቅ ነው። ለሌለ መድኃኒት ማን ይመዘገባል?»

ዝናሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተነሣች። የሰው ጉልበት እየገፋች ወጣች፤ ልጇን ዞር ብላ አላየቻትም።

«ጥያቄሽ ተይዟል የኔ ልጅ» አሉ ኃላፊው። «የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ቢሮ መጥተሽ ለብቻ እንነጋገራለን። ተቀመጪ።»

መምህር አምሐ ማጉያውን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ።

«እኛ ቤት ለብቻ ስንነጋገር ነው የከረምነው» አለች ወለላ። «መርፌው እዚህ ከመቼ ጀምሮ እንደሚገኝ ሰው ሁሉ እየሰማ ይንገሩኝ።»

«ትመለስላት እንጂ!» አሉ አያ ካሣዬ።

ኃላፊው ወደ ጎናቸው ጎንበስ ብለው ከባልደረባቸው ጋር መንሾካሾክ ጀመሩ። ማታ ቤት ምን እንደሚጠብቃት ወለላ ታውቃለች። ማጉያውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና እንደቆመች ጠበቀች።