የጋሽ ወርዶፋ ፉጨት

በየማለዳው የሰፈሩ ግድግዳዎች ቁስላቸውን ያሽራሉ። ሌሊቱን የተሰነጠቀ ነገር ካለ ፀሐይ ሳይወጣ ይገጥማል፤ ወፍ ጎጆ የምትሠራበት ቀርቶ ጉንዳን የምትሾልክበት ቀዳዳ እንኳ አይተርፍም። ትርንጎ ይህን እያየች ስላደገች አይደንቃትም። የሚደንቃት፣ እንዲህ ባለ ሰፈር አሁንም ወፍ ተሰማ መባሉ ነበር።

ሥራዋ ሰሚዎችን መጠገን ነው። ሰሚ ማለት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ መዳፍ የሚያህል ጆሮ ነው፤ የሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ ለይቶ ለከተማው ይናገራል። በደንቡ መሠረት፣ የአንድ የዱር ፍጥረት ድምፅ እስከተሰማ ድረስ ወንዙ ዳር የቀረችው ቁጥቋጦ አትነካም። ድምፁ ከጠፋ ግን ግንብ ትለብሳለች። ሌላውን አፈር ሁሉ የከተማው ንድፍ አውጪዎች «ንጹሕ ሰፈር» እያሉ ደፍነውታል። ንጹሕ ሲሉ ባዶ ማለታቸው እንደነበር ያስተዋለ ሰው ብዙ አልነበረም።

አንድ ቀን የወንዙ ዳር ሰሚ ተበላሽቷል ተባለና ትርንጎ ተላከች። ሰሚው ማለዳ ማለዳ ወፍ ሰማሁ ይላል፤ ከዜማው መጨረሻ ግን ሳል ይከተላል። መቼም ወፍ አይስልም።

እዚያ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያፏጫሉ። ፉጨቱን ሲጨርሱ ሳሉ።

«ለካ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ!» ሳቋ አመለጣት። «ሰሚውን እኮ ጉድ ሠሩት።»

«እኔ ማንንም ጉድ አልሠራሁም፣ ልጄ። እየጠራኋት ነው።»

ጋሽ ወርዶፋ ይባላሉ፤ ሰፈሩ እንዲህ ከመሆኑ በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩ ናቸው። ደረቷ ብርቱካንማ የሆነች፣ የሰማችውን ሁሉ የምትቀዳ አንዲት ወፍ ጎረቤታቸው ነበረች። እሳቸው ያፏጫሉ፣ እሷ ትመልሳለች። ካለፈው በጋ ወዲህ ግን ድምጿ ጠፍቷል።

«ትመጣለች» አሉ። «ትንሽ ታገሺኝ። ይቺንም ቁጥቋጦ ከወሰዱባት የት ታርፋለች?»

«ያልሰማሁትን ሰማሁ ልበል እንዴ፣ ጋሼ?»

ትርንጎ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ውሸት አይሆንላትም እንጂ። ፉጨቱን ከነሳሉ ለሰሚው አሰማችና «ይህ ሰው ነው» ብላ አስተማረችው።

ሰኔ ላይ ጋሽ ወርዶፋ ደወሉላት። «መጣች! ልጄ፣ መጣችልኝ እኮ!» ድምፃቸው እንደ ሕፃን ይፈነድቃል። ትርንጎ ከቢሮዋ ሆና ሰሚውን ጠየቀች። «ሰው ነው» አላት። ምስኪን፣ አሁንም ሊያታልሉኝ ነው ብላ አዘነችላቸውና ነገሩን ተወችው።

ክረምቱ ሲወጣ ሰሚውን ነቅላ እንድትመልስ ታዘዘች። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ወንዙ ዳር ግራጫ ግንብ ለብሷል። ጋሽ ወርዶፋ ሐምሌ ላይ ሞተዋል። በራቸው ከግድግዳው ጋር ገጥሞ የሚዘጋ ነውና ጎረቤት መሞታቸውን ያወቀው ሰንብቶ ነው። የት ጠፉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ትርንጎ ይህን የሰማችው እዚያ ስትደርስ ነው።

ከመንቀሏ በፊት ሰሚው ምን እንደሰማ ጠየቀችው።

«ሰው» አለ ሰሚው። «ሰኔ ላይ ሁለት ሰዎች፣ ተራ በተራ። ከሐምሌ ወዲህ አንድ ሰው። ዛሬም ማለዳ አንድ ሰው።»

«የቱ ሰው? እሳቸው እኮ ሞተዋል!»

በእርግጥም ተበላሽቷል ብላ መፍቻዋን ስታወጣ ከበላይዋ ፉጨት ሰማች። የጋሽ ወርዶፋ ፉጨት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያቺው ሳል አለች። ቀና አለች። ደረቷ ብርቱካንማ የሆነች ትንሽ ወፍ፣ የምታርፍበት ቅርንጫፍ አጥታ ግንቡ ጫፍ ላይ ቆማለች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ መልስ ትጠብቃለች።

ወፏ በጊዜው መጥታ ነበር። ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር። ትርንጎ አንድ ቀን ብቅ ብላ ብታይ ኖሮ ቁጥቋጦው ይተርፍ ነበር።

ልትመልስላት ከንፈሯን አሞጠሞጠች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ማፏጨት ያስተማራት ሰው የለም።

ወፏ ትንሽ ጠበቀችና እንደገና ተጣራች፤ ሳለችም።

«ሰው» አለ ሰሚው። «ስህተት ካለ ይታረም?»

ትርንጎ ዙሪያውን የቆሙትን ለስላሳ ግድግዳዎች አየች። ከኋላቸው ስንት ሺህ ሰው ይኖራል፤ ጋሽ ወርዶፋን የሚፈልጋቸው ግን ይቺ ብቻ ናት።

«አይታረም» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሽታ ይሁን ወይስ እውነቱን ተናግራ፣ ለራሷም አልገባትም።