የድንቡሼ ተከላ

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም ቂም ይዤ ነው። ሰውን ላስተምር የሚል ሰው ረጋ ብሎ ቢጀምር እንደሚያምርበት አላጣሁትም። እኔ ግን ገና ሳስበው ደሜ ይፈላል። ወላጆችም መምህራንም ስሙኝ።

ልጄ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ከዳውን ሲንድረም ጋር ነው የተወለደችው። ክብ ፊቷን እያየ ሰፈሩ ሁሉ ድንቡሼ ይላታል፤ እኔም ካልተቆጣኋት በዋናው ስሟ አልጠራትም። ትምህርት ቤቷ ከስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ስለሆነ የእረፍት ደወሉ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

ክረምቱ ሲገባ ተማሪዎቹ በግቢው ዳር ችግኝ እንዲተክሉ ተባለ። ድንቡሼ «መቼ ነው የምተክለው?» እያለች ሳምንቱን ሙሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። የጎማ ቦት ገዛሁላት። የተከላው ቀን ከሰዓት ልወስዳት ስሄድ ሌሎቹ ልጆች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል። የእሷ ቦት ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው። ከክፍሉ ደጃፍ ወንበር ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ!

መምህሯ ፈገግ ብሎ መጣ። «ጭቃው ያንሸራትታል፤ መቆፈሪያውም ስለት አለው። ለእሷ ተብሎ ነው፣ የድንቡሼ እናት። የቀረው ችግኝ የፊታችን ሐሙስ ይተከላል። ያን ቀን እቤት ብታውያት ይሻላል፤ ሌሎቹን እያየች ሆዷ እንዳይብስ።»

«ትችል እንደሆነ ሞክረው አይተዋል?» አልኩት።

«ምን መሞከር ያስፈልገዋል? እያየናት!»

ልጄን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ስንሻገር ቂሜን ቋጥሬ ጨርሻለሁ።

በማግስቱ ያው መምህር ጨርቅ በክንዱ ይዞ ስፌት ቤቴ ከች አለ። ማክሰኞ ለሚከበረው የወላጆች ቀን ሙሉ ልብስ ፈልጎ ነው። የሠራውን ጭራሽ ረስቶታል። «ያቺ ቆንጆዋችን እንዴት ናት?» ይለኛል። ደህና ናት አልኩና ወገቡን ስለካ ሜትሩን ጠበቅ አደረግኩበት።

ልኩን ላሳየው ቆርጬ ነበር። የሱሪውን መቀመጫ ለሙከራ ብቻ በምንጠቀምበት ረጅምና ላላ ያለ ስፌት ሰፋሁት። ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ምንም የለውም። ለጎበዝ ተማሪ ሽልማት ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ግን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት... የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰኞ ከሰዓት ኮቱን ጨረስኩና «እንግዲህ ሦስት ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረኝ» አልኩ ለራሴ። መቼም ቁልፍም እንደ ችግኝ ይተከላል ነው የምንለው።

ድንቡሼ ከጥግ ተስፈንጥራ መጣች። «እኔ ልትከል! እማ፣ እኔ ልትከል!» እጇን ወደ መርፌው ሰደደች።

«ተይ! ይወጋሻል። ሂጂ ተቀመጪ፤ ላንቺ ብዬ ነው» አልኳት።

አላለቀሰችም። ሄዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «እዚህም መትከል የለም?» አለች።

መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጫማዋን የማስረው እኔ፣ ሻይዋን የምቀዳላት እኔ፣ ፀጉሯን የማበጥረው እኔ። ጥግ ጥጉን ሳትጠርጊ ታልፊያለሽ ብዬ መጥረጊያ ከእጇ የነጠቅኳትም እኔው ነኝ። መምህሩ ያስቀመጣት አንድ ቀን ነው።

ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መርፌ መረጥኩ። ክሩን ራሷ እንድታስገባ ተውኳት። የቁልፉን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ አንዴ ከታች አንዴ ከላይ ብዬ አሳየኋትና እጄን ሰበሰብኩ። እጅ መሰብሰብ እንዲህ የሚያም መሆኑን አላውቅም ነበር። አንዱ ቁልፍ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ «ተከልኩ!» ብላ ጮኸች።

የሱሪውን ስፌት ያኔውኑ ፈትቼ አጥብቄ ሰፋሁት። ለመምህሩ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ የተሻለ ነገር ስለመጣልኝ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መምህሩ እየተጣደፈ ገባ። «ልብሴ ደረሰ?»

«ሱሪው ደርሷል። ኮቱ ሁለት ቁልፍ ይቀረዋል።»

«በይ ቶሎ ትከያቸዋ! ላንቺ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«ሥራው የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው» ብዬ ኮቱን ጉልበቷ ላይ ወዳደረገችው ልጄ አመለከትኩት።

«እንዴ! በሦስት ሰዓት መድረክ ላይ ነኝ እኮ! አምጪ፣ የኔ ቆንጆ፣ እኔ ልርዳሽ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ይቀመጡ መምህር! መርፌ ነው፤ ይወጋዎታል። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

አየኝ። ቀስ ብሎ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ ቀላና ተቀመጠ። ዓይኑ ከግድግዳው ሰዓት ላይ አይነሳም። ደስታዬን አልደብቅም፤ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ በዓመቱ አላየሁም።

ሁለተኛውን ቁልፍ በግማሽ ሰዓት ጨረሰች። ሦስተኛው ላይ «ወጋኝ!» ስትል እኔም እሱም እኩል ተነሳን። ድንቡሼ ጣቷን ጠባ ጠባ አደረገችና «ሁለታችሁም ተቀመጡ!» አለች፣ ቆጣ ብላ። ተቀመጥን። ምን እናድርግ?

ስትጨርስ ኮቱን ራሷ አምጥታ ሰጠችው። መምህሩ ቁልፉን ሳብ ሳብ አድርጎ አየው፤ ጠንካራ ነው። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ «ሐሙስ ጉድጓዱን ከጓደኛሽ ጋር ትቆፍሪያለሽ፤ ችግኙን ግን ራስሽ ነሽ የምትተክይው። ጊዜ ከፈጀብሽ እንጠብቅሻለን» አላት።

ሦስተኛው ቁልፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር የተተከለው። በወላጆች ቀን ኮቱ ተጣሞ ቆሞበት የሳቁም ነበሩ። አላስተካከልኩለትም። እሱም አስተካክይልኝ አላለም። እንዲያውም አንዲት ወላጅ ማን ሰፋልህ ብትለው «ተማሪዬ ናት» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ይቅር ብዬዋለሁ ወይ? ገና ነኝ።

እናንተ ግን እንደ እኔ አትዘግዩ። ልጃችሁ ሻይዋን ራሷ ትቅዳ። ይፈሳል፤ ጨርቅ ስጧትና ራሷ ትጥረገው። ዝናብ ሲዘንብ ትውጣ፣ ፀሐይ ሲወጣ ልብስ ታስጣ፣ ብትወድቅ ትነሳ። በእኔ ቤት ይህ ሁሉ የተጀመረው ገና አሁን ነው። ለባከነው አስራ አንድ ዓመት የምበቀለው ሰው ፈልጌ ፈልጌ፣ ከራሴ ሌላ አላገኘሁም።