ግራጫው አርእስት

«አሁንም ግራጫ! ይሄ ነገር እልህ ይዞታል እንዴ?» ጥድፊያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

ጥድፊያ ቅጽል ስሟ ነው፤ ያወጡላት እናቷ ናቸው፣ አላጋነኑም። የትምህርት ቤቱ መጽሔት በድረ ገጽ ሊወጣ ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ጽሑፍ አርእስት የክፍሉን ቀለም መልበስ አለበት። የኮምፒውተር ክበቡ መምህር ጽሑፎቹን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይረውን ኮድ፣ የኤክስኤስኤልቲ ስታይልሺቱን፣ እሷና ዝምታ የምትባለው ጓደኛዋ ለየብቻ እንዲሠሩ አዘዋል። የተሻለ የሠራችው የመጽሔቱ ገጽ አዘጋጅ ትሆናለች። ጥድፊያ ቦታውን ክፉኛ ፈልጋዋለች።

«በቃ፣ የዚህ ክፍል ቀለም ቀይ ነው፤ ቀዩን በእጄ እጽፈዋለሁ። ማን ያውቃል?»

«የሌላ ክፍል ጽሑፍ ሲመጣስ? እሱም ሊቀላ ነው?» አለች ዝምታ። የራሷን ሥራ ትታ ወንበሯን አስጠጋች። መፎካከራቸውን ጭራሽ የረሳች ትመስላለች።

«ቀለሙን ከላይ በፓራሜትር ልከሻል፤ አሪፍ ነው። መሃል ያለው ቴምፕሌት ግን ተቀብሎታል?» አለች የጥድፊያን ኮድ እያነበበች። ስታይልሺቱ ቴምፕሌት በሚባሉ ትንንሽ የትእዛዝ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ፓራሜትር ደግሞ አንዱ ክፍል ለሌላው የሚያቀብለው ስም ያለው መረጃ ነው።

«ያው ያልፋል እንጂ!»

«ኧረ አያልፍም! እያንዳንዱ ቴምፕሌት ራሱ ተቀብሎ ለሚቀጥለው ራሱ ማቀበል አለበት። ካልደረሰው ደግሞ አይጮህም፤ አስቀድሞ የተጻፈለትን ነባሪ ቀለም ይወስዳል። ነባሪሽ ምንድን ነው?»

«ግራጫ» አለች ጥድፊያ፣ እየቀፈፋት።

አንድ መስመር ለመቀበያ፣ አንድ መስመር ለማቀበያ ጨመረች። አርእስቱ ቀላ።

«አንቺ ልጅ፣ ጉድ እኮ ነሽ!» ከልቧ ነበር። ኮምፒውተሩ እንኳ ስህተት አለ ያላለውን ነገር ዝምታ ዝም ብላ አንብባ አገኘችው። ጥድፊያ ቀናችም፣ ኮራችባትም።

የመምህሩ ድምፅ ከኮሪደሩ ሲሰማ ዝምታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ጥድፊያ የጓደኛዋን ስክሪን አየት አደረገች። እዚያ አርእስቱ ጭራሽ ቀለም የለውም። ቀለሙ በሚጻፍበት ቦታ፣ አትሪቢዩቱ ውስጥ፣ የፓራሜትሩ ስም ተጽፏል፤ ዙሪያው ግን ጥምዝ ቅንፍ የለም። ያለ ቅንፍ ኮምፒውተሩ በቀለሙ ፈንታ ስሙን እንዳለ ይገለብጠዋል። ዝምታ እሷን ስትረዳ የራሷን ሳትፈትሽ ቀርታለች።

በሩ ተከፈተ። «እሺ ልጆች፣ ማን ይጀምር?» አሉ መምህሩ።

ዝም ብትል ቦታው የእሷ ነው።

«መምህር፣ ትንሽ ይታገሱን» አለችና ጣቷን የጓደኛዋ ስክሪን ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ፣ ቅንፍ ክፈቺ።»